ልጄን ከፊልሙ ያውጡልኝ

ለክቡር አቶ አውሬሊዮ ቪላሴርካ
የ«የመጨረሻው ባትሪ» ፊልም ደራሲ፣ ዳይሬክተርና ዋና አስደንጋጭ
ማኒላ

ጉዳዩ፦ በሕይወት ያለ ሰው እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎንም አንድ ሰው ሳይጎድል በማዕድ ዙሪያ እንደተቀመጡ እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። ሰው ሳይጎድል መብላት ምን ያህል ደስ እንደሚል ሰሞኑን በደንብ ስለገባኝ ነው ምኞቴን ከዚህ የጀመርኩት።

ፌሊሲታስ ማግባኑዋ እባላለሁ። በጊማራስ ደሴት ወደቡ አጠገብ ደረቅ ዓሣ እሸጣለሁ፤ አስፈሪ ፊልም ደግሞ ስወድ ለጉድ ነው። በተለይ ያ «ካሜራው ጫካ ውስጥ ወድቆ ተገኘ፣ ቀራጮቹ ግን አልተገኙም» ተብሎ የሚጀምረውን ዓይነት፣ እርስዎ የተካኑበትን ማለቴ ነው። ስለዚህ ጥበብዎን የሚንቅ ሰው እንዳልመስልዎት። ሌላው ፊልም ጭራቁን ያሳየኝና ያስቀኛል፤ የእርስዎ ግን ካሜራውን እኔው የያዝኩት እያስመሰለ ወደ ጨለማው ይገፋኛል። በዚህስ አበጀዎት። ችግሩ ካሜራውን የያዝኩት እኔ ሳልሆን ልጄ ሮዴል መሆኑ ነው። አዎን፣ በፊልሙ መጨረሻ እየጮኸ የሚጠፋው ቀራጭ እናት ነኝ፤ እንኳን ተዋወቅን። ቅሬታዎቼንም በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ባትሪው። አምስት ወጣቶች ጫካ ገብተው ተርበው፣ ተጠምተው፣ ጫማቸው ሳይቀር ተበጣጥሶ ሳለ ባትሪው እስከ መጨረሻዋ ጩኸት ድረስ በመቆየቱ የተሰማኝን አድናቆት መግለጽ ያቅተኛል። የእኔ ስልክ የመቁጠሪያ ጸሎቴን ሳያስጨርሰኝ ይዘጋል። የሚሸጥበትን ሱቅ ቢጠቁሙን ደሴቱ በሙሉ ያመሰግንዎታል። ደግሞም ሁሉም ካለቁ ያንን ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ ከኋላ የጨመረው ማን ነው? ጭራቁ ከሆነ ጥሩ ባለሙያ ስለሆነ እንዳያመልጥዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። ልጄ በፈረመው ውል መሠረት ፊልሙ ከሲኒማ ቤት እስኪወርድ ድረስ በአደባባይ አይታይም፣ ቤቱ አይመጣም፣ በሕይወት መኖሩንም ለማንም አይናገርም። ተመልካቹ የምር የጠፋ እንዲመስለው ነው አሉ። ይህንንም ቢሆን ችዬ ዝም ብዬ ነበር። እርስዎ ግን የሮዴል የመታወቂያ ፎቶ ያለበት «ጠፍቷል» የሚል ወረቀት አሳትመው በወደቡ፣ በገበያው፣ ይባስ ብለው በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ አስለጠፉ። ፊልም ስለመሆኑ የሚናገር አንዲት ፊደል የለበትም። እናቴ ፔርፔቱዋ፣ ማለትም እኔ ዓሣ ስሸጥ ሮዴልን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ እሱም «ሎላ» እያለ የሚጠራት አያቱ፣ ከቅዳሴ ስትወጣ ከልጅ ልጇ ፎቶ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱ በጣም በጥሩ ቀለም የታተመ መሆኑን ግን ሳልመሰክር አላልፍም።

እውነቱን በጆሮዋ ነገርኳት፤ ውል ይፍረስ፣ የፈለገው ይሁን ብዬ። «ልታጽናኚኝ ነው» አለችኝ። ፊልሙን ራሴ ካላየሁ ብላ ድርቅ ስላለችም በጀልባ ተሻግረን ኢሎኢሎ ከተማ ሲኒማ ቤት ወሰድኳት። ተዋናዮቹን ስታይ ይገባታል የሚል ተስፋ ነበረኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ መንቀጥቀጡና ስለ ዛፉ። ሮዴል የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ማዕበል ላይ በጀልባ የተደረገ ሠርግ እንኳ ሲቀርጽ እጁ ንቅንቅ አላለም። እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ግን ወባ እንደያዘው ሰው አንቀጠቀጡት፤ እኔ ራሴ ወንበሬን ጨብጬ ነው የጨረስኩት። እናቴ በዚህ በዚህ እንኳ ተጽናንታ ነበር፤ ይሄ የሮዴል እጅ አይደለም እያለች። ከዚያ ባሌቴው ዛፍ መጣ። እኛ ዘንድ ሕፃን ልጅ እንኳ በባሌቴ ዛፍ ሥር ሲያልፍ ለማይታዩት ባለቤቶቹ «ይቅርታ፣ እንለፍ» ሳይል አያልፍም። የእርስዎ የከተማ ልጆች ግን ሽንታቸውን ሸንተውበት ተሳሳቁ። ሲኒማ ቤቱ በሙሉ አንድ ላይ «ኧረ!» አለ። ያን ጊዜ ነው ከካሜራው ጀርባ፣ ዝቅ ባለ የሮዴል ድምፅ፣ «ይቅርታ አድርጉልን፣ እያለፍን ነው» የሚል የሰማነው። እርስዎ የጻፉለት አይመስለኝም፤ ያስለመደችው አያቱ ናት። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ይቅርታ ጠይቆ ነበር እኮ» አለችኝ። «እሱን ለምን ወሰዱት?»

በማግስቱ ጥቁር ለበሰች። ጎረቤታችንን ኢልዳን ጠርታም የዘጠኝ ቀኑን የሙታን ጸሎት አስጀመረች። እኔ በሕይወት ላለ ልጄ ነፍሱን ይማር ሲባል «አሜን» ማለት አቅቶኝ ወጥ ቤት ገብቼ ድስት አጥብ ነበር።

አራተኛ፣ በወረቀቱ ላይ ስላለው ስልክ ቁጥር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ከመጻፌ በፊት ተነሥቼ የእናቴን ትንፋሽ አዳምጬ መጣሁ፤ ደህና ናት። ቁጥሩ ላይ ሲደወል የሚሰማው የሚያለከልክ ሰው ብቻ ነው፤ ግሩም ፈጠራ ነው። እናቴ በኢልዳ ስልክ ደወለችና «ሮዴል፣ ደክሞሃል መሰለኝ። አትሩጥ፣ ቁጭ በል። ውኃ አለህ?» ስትል መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ አወራችው። ያንን ማለክለክ ያለከለከው ተዋናይ ማን እንደሆነ ቢገልጹልኝ እንዲህ የሚሳሳለት ሰው እንዳለ ላበስረው እፈልጋለሁ።

አምስተኛውና ያስጻፈኝ ጉዳይ ይህ ነው። ጨንቆኝ ሮዴልን በቪዲዮ እንዲደውል ለመንኩት፤ እሱም ልጅ ነውና ውሉን ጥሶ በድብቅ ደወለ። ሰዎችዎ በሌላ ከተማ በተከራዩለት ክፍል ውስጥ ጎረቤት እንዳያየው መብራቱን አጥፍቶ ነበር። ኔትወርኩ ደግሞ የታወቀ ነው። ፊቱ ግማሹ ጨለማ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ መጣ፤ እጁም፣ እንግዲህ አያቱን ሲያያት፣ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ይሄማ ፊልሙ ነው» አለች እናቴ።

ፊልም አይደለም፣ አሁን ነው፣ ራስሽ ጠይቂው ብዬ ስልኩን አስያዝኳት። የት እንዳለ ጠየቀችው። ምስኪኑ ልጄ ውሉ ትዝ ብሎት ኖሮ፣ «እንዳልናገር ተከልክያለሁ፣ ሎላ» አላት። ቀጥሎ ምስሉ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። እናቴ አማተበችና ስልኩን በጨዋ ደንብ መለሰችልኝ። የሞተ ሰው የት እንዳለ አይናገርም፣ አታስጨንቂው አለችኝ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ትምህርትዎን በሚገባ ተምረናል። የተንቀጠቀጠ ምስል ውስጥ የታየ ሰው ሁሉ ሟች ነው። ስለዚህ እኔ ፎቶ ባሳየኋት፣ ቪዲዮ ባስከፈትኩላት ቁጥር ሞቱን አጸናባታለሁ እንጂ ሌላ አልፈየድኩም። ያላየችው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መጥቶ እጇን መያዙ።

ቢሮዎ ደውዬ ነበር። አንዲት ትሑት ልጅ አንስታ ሲኒማ ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ በመሰንበቱ የፊልሙ ጊዜ መራዘሙን፣ የልጄም መደበቅ አብሮ መራዘሙን በደስታ አበሠረችኝ። እንኳን ደስ ያለዎት። እናቴ መታመሟን ስነግራት ደግሞ «ለአያቲቱ የክብር ትኬት እንላክልዎት?» አለችኝ። ለዚህ ቸርነት ሳላመሰግን ዘግቻለሁ፤ ምስጋናዬን እነሆ ዛሬ አቅርቤያለሁ።

እናቴ ሩዝ ከነካች ሰነበተች። ሮዴልን ሳልቀብር እህል በአፌ አይዞርም ነው የምትለው። ከሩዝ ሙቅ በማንኪያ ጥቂት ትቀበለኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የጤና ጣቢያችን ነርስ በረንዳ ላይ ጠርታኝ በዚህ አያያዝ ብዙ አትቆይም አለችኝ። እኔ እንግዲህ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብያለሁ፤ ወደብ ወርጄ ጀልባ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ አዳምጣታለሁ፣ ደግሞ እወርዳለሁ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። በፊልምዎ ከፈራሁት በጣም የበለጠ ፈርቻለሁ።

ውሉን ደጋግሜ አነበብኩት። የሚያስረው ሮዴልን ነው፤ እኔ የፈረምኩት ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ለእርስዎ በተጻፈና ሕዝብ ሁሉ በሚያነበው በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ፦ ሮዴል ማግባኑዋ በሕይወት አለ። ጭራቅ አልበላውም። ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ተሽሎታል። የሚደበቅ ምሥጢር ከእንግዲህ ስለሌለ ልጄን ደብቆ ማቆየት ለእርስዎም ድካም ብቻ ነውና ይልቀቁት።

ለሀገራችን ላበረከቱት ድንጋጤ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሥራዎ እንዲሰምር፣ የራስዎም እናት ዕድሜ እንዲረዝም እየጸለይኩ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታማኝ ተመልካች
ፌሊሲታስ ማግባኑዋ
የሟቹ እናት

ግልባጭ፦
ለየሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጮች
«ጠፍቷል» የሚለውን ወረቀት አይታ ላለቀሰች እናት ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ስጽፍ እናቴ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ሮዴልን ለወሰዱት ሰዎች ነው አልኳት። «እንግዲያው አስከሬኑን ብቻ ይስጡን በያቸው፤ ሌላ ምንም አንጠይቅም» አለችኝ። መልእክቷን ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ፤ እባክዎን አስከሬኑን ይላኩልን። ማጓጓዣ አያስቸግርዎትም፣ በራሱ እግር ይሳፈራል።