ያላየኋት ጭረት

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሠራልኝ እኮ! እየሩስ፣ ማክሮዬ ሠራ! ጥለሽው በሄድሽው ላፕቶፕ ላይ ትናንት ከሰዓት ጽፌ ብነካው፣ ሦስት ጥቁር መስመር ድርድር አደረገልኝ። እልል ስል አባትሽ ከመሸመኛው ጉድጓድ ዘሎ ወጣ። «ምነው፣ እባብ ነው?» ይለኛል።

ሰላምታ ላስቀድም ብዬ ነበር፣ ደስታው ቀደመኝ። እንደምን አለሽልኝ ልጄ? ሐዋሳ ይሞቃል ይላሉ፤ እዚህ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው ያነጣዋል። ስልኬን ስለማታነሺ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ።

እማዬ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኛት ትያለሽ። ግቢያችን የተከራየች ጽናት የምትባል የኮምፒውተር መምህርት አለች። ደብተርሽን ይዤ ገባሁባት። «ሊስፕ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ሁሉም ነገር በቅንፍ ነው» አለችኝ። ያቺን ገጽ ገለጥኩላት። የትኛዋን እንደሆነ አንቺ አትረሺውም።

'(ሰርዝ ቃልኪዳን)

ጽናት ፈገግ አለች። «እትዬ ጌታነሽ፣ ከቅንፉ ፊት ያለችውን ጭረት አዩዋት? እሷ ካለች ኮምፒውተሩ ትእዛዙን አይፈጽመውም። እንደ ቃል ብቻ ይይዘዋል። ልጅዎ እየተለማመደች ነበር» አለችና ገጹን ገለበጠችው።

'(አፍርስ ተራራ)
'(ሽጥ አባዬን)

ያን ጊዜ አንድ ገጽ ብገልጥ ምን ነበረበት!

ለአባትሽ ስነግረው «እኔን ሳትሸጪኝ መቅረትሽም ደግ ነው» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱን ወደ ሸማኔ ዕቃው አዞረ።

ያኔ አንቺ ለፈተና ደብረ ብርሃን ነበርሽ። እኔ ደብተርሽን ሳነሣ ያቺን መስመር አየሁና፣ ልጄ እጮኛዋን ቢያድግልኝን ማግባቱን ጠልታዋለች፣ አፍራ ነው የደበቀችኝ አልኩ። ሽማግሌያችንን አቶ ተገኘን ቃል ኪዳኑን አፍርሱልኝ ብዬ ወደ ቢያድግልኝ ቤት ላክኋቸው። እሳቸውስ ጠይቀውኝ ነበር።

«ልጅቷ በአፏ ብላለች?»

«በእጇ ጽፋለች፤ የተጻፈ ከአፍ ይበልጣል» አልኳቸው።

«ሦስት ቀን አይደል የቀራት፣ እስክትመጣ ብንቆይስ?»

«ምን ያቆየናል!»

ቸኮልኩ። ያዘንኩልሽ መስሎኝ ቸኮልኩ። መጥተሽ ሻንጣሽን ሳታወርጂ ቀለበቱ መመለሱን ሰማሽ። «ልምምድ እኮ ነው እማዬ! ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልሽኝ። ማመካኛ መሰለኝና ጭራሽ ጮህኩብሽ። አንቺም ላፕቶፑንም ደብተሩንም ጥለሽ ሐዋሳ ሄድሽ። ሁለት ዓመት አለፈው፤ ያቺ ጥያቄሽ ግን አሁንም በሩ ላይ ቆማለች።

ጽናት ጭረቷን ካሳየችኝ በኋላ ነው «እስከ መጨረሻው አስተምሪኝ» ያልኳት። ማክሮ የሚባለው፣ ሌላ ትእዛዝ የሚጽፈው ትእዛዝ ላይ ስደርስ ራሴን ሁለት ሳምንት አመመኝ። በመጨረሻ አባትሽ ከበግ ጸጉር በሚሸምነው ባና መሰልኩትና ገባኝ። ስሚኝ፣ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ።

(ድገም 3 (ሸምን ጥቁር))

ይቺ «ድገም» ተራ ትእዛዝ ብትሆን፣ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የውስጡን ይሠራና የተሠራውን ያቀብላታል። አንድ ጥቁር መስመር ሸምኖ ለአባትሽ «እንካ፣ ይኸንን ሦስት ጊዜ ድገመው» እንደማለት ነው። አልቆ የተሸመነውን ምኑን ይደግመዋል? ማክሮ ግን ሳይቸኩል የሽመናውን ትእዛዝ ራሱን፣ እንደተጻፈ ይቀበላል። ሦስት ጊዜ አድርጎ ይጽፈዋል። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳይፈጽሙ መቀበል። ለአንድ ማሽን የሚቻል ነገር እናትሽን አቃታት።

ባለፈው ቅዳሜ የበግ ጸጉር ልገዛ ቀየት ገበያ ወርጄ ቢያድግልኝን አገኘሁት። አላገባም። ጸጉሩን ተሸክሞልኝ እስከ መኪናው ሲሸኘኝ የጭረቷን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ጸጉሩን መኪናው ላይ ጫነልኝ። ከዚያ «እትዬ፣ እሷ በአፏ ብትለኝ ኖሮ ከልቤ ይወጣልኝ ነበር። አሁንም ከሷ አፍ ካልሆነ አልሰማም» አለኝ። ይኸው ቃሉ እንዳለ። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም። ምን ማለቱ እንደሆነም ልፈታልሽ አልሞክርም።

የድሮዋ ጌታነሽ ብሆን ይኼኔ ጠላ ጠንስሼ፣ አቶ ተገኘን ነጠላ አስለብሼ ዳግም ለሽምግልና አስነሥቼ ነበር። አላደረግሁትም፤ ለጎረቤትም አልተነፈስኩም። ማድረግ የምመኘውን ከደብዳቤው ግርጌ አንድ መስመር ብቻ ጽፌ፣ ፊቱ ላይ ጭረቷን አድርጌያለሁ። ሠርግ ብትዪው ሠርግ ነው፤ የመምጣትሽ ድግስ ብትዪውም ይበቃኛል። ይቅር ካልሽም ወረቀት ላይ ይቀራል። ጭረቷን የምታነሺው አንቺ ብቻ ነሽ።

የዛሬው ባለ በዓል ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይከልልሽ። ያጎደልኩብሽን እሱ ይሙላልሽ።

ሳትጠይቅ የፈጸመችብሽ እናትሽ፣
ጌታነሽ

'(እሑድ ጥር 24፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ሁሉም ሰው እኛ ቤት ይምጣ)