እጅ ሲለቀው የሚቆም ማሽን

ልጄ ፊልጶስ፣ እመቤቴ ከክፉ ዓይን ትሰውርህ፤ በሰው አገር የምትቆርሰውን እንጀራ ትባርክልህ።

እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ገብሱ ታጭዷል፣ ላሟም ወልዳለች። ወንድምህ ጥላዬ ግን ተጎድቶ ነበር፤ እንዳትደነግጥ ብዬ ደብቄህ ነው።

ወገዳ ከተማ ባለው የብረት በር መሥሪያው ምሳ ላደርስለት ስሄድ፣ ሽፋኑ በወለቀ፣ ግራይንደር በሚሉት ርካሽ የብረት መቁረጫ ማሽን ሲሠራ የሚሽከረከረው ዲስክ ተሰበረ። ማሽኑ ከእጁ አምልጦም አልቆመም፤ እንዳበደ ውሻ እየዘለለ ጭኑን ዘነጠለው። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። የሥራ ባልደረባው ጌጤ ሶኬቱን ነቀለ፣ እኔም ነጠላዬን ቀድጄ አሰርሁት።

ቁስሉ ሲደርቅ ጌጤ ያንኑ የመሰለ ሽፋን የሌለው ማሽን ተውሶ መጣ። ጥላዬም እያነከሰ ሊሠራ ተነሣ። ሶኬቱን ሳይሰኩት መጥረቢያ አንስቼ ገመዱን ቆረጥሁት።

«እማማ፣ አበዱ እንዴ?» ብሎ ጌጤ ገፈተረኝ።

«እናቴን?» አለና ጥላዬ አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ሰው ተጠራርቶ ነው ያላቀቃቸው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

ልጄ፣ ደኅና ማሽን ገዝተህ ላክልን፤ አንተ ሕንፃ ሥራ ላይ ስለሆንህ የማሽን ዓይነት ታውቃለህ። ጉልበቱን ብቻ አይተህ አትምረጥ። ሽፋኑ የጠበቀ፣ እጅ ሲለቀው ወዲያው የሚቆም፣ መለዋወጫውም እዚህ የሚገኝ ይሁን። ስትልከው ግን በጌጤ ስም አድርገው። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፤ እሱ ማሽኑን ይዞ በጥላዬ በር ላይ ሲቆም ያኔ ይታረቃሉ።

እጅህን ከብረት፣ ነፍስህን ከቂም ይጠብቅልኝ።

እናትህ ወለተ ጊዮርጊስ