ሦስት ጊዜ የታጠበው ቦቴ

ወንድሜ መንግስቴ፣ ሰላምህ ይብዛ። እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ ልጄ ቤት ነኝ፤ መንገዱም ዕድሜውም አድክመውኛል። ልጄ፣ እዚህ ኤይታን ይሉታል፣ የወተት ቦቴ ይነዳል። ትናንት የወይን ጭማቂ ሊጭን ቦቴውን በፈላ ውሃ አጠበው። የጭማቂ ፋብሪካው ተቆጣጣሪ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና "እንደገና" አለው። ሦስት ጊዜ አሳጠበው። "ጠርቷል እኮ፣ ምን ያደክምሃል?" ስለው፣ "አባባ፣ የሚጠጣው ሌላ ሰው ነው" ብሎኝ ሳቀ።

እኔና አንተ ያኔ በናፍጣ በርሜል የኑግ ዘይት ጭነን ገበያ ስናወርድ፣ ባለቤቴ ከበደች፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ይሸታል" ብላኝ ነበር። ዝም በይ አልኳት። እግዚአብሔርንስ ይቅርታ እለምናለሁ፤ እሷን ግን ይቅር በይኝ እንዳልላት የለችም።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ፤ ለባለቤትህ ለይታየሽና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ያ በርሜል ጓሮህ ካለ ብሳው፤ ዳግም ማንም አይሙላው።