አራት ጣት ቅምቅማት

አባዬ፣

ከሸኘንህ ሦስተኛው ክረምት አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዛሬም የስፌት መኪናህ ድምፅ ይመስለኝና ጆሮዬን እጥላለሁ። እማዬ ጉልበቷ ያስቸግራታል፤ አንተን ማማት ግን አልተወችም። መነጽርህን የትም ጥለህ እኛን ታስፈልገን እንደነበር እስካሁን ታነሳለች።

ሆሳዕና አንተ የምታውቃት አይደለችም። ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ያስጀመሯቸው ፎቆች ብረታቸው እንደቆመ ዝጓል። አንተ ካረፍክ በኋላ መኪናህን ሸፍኜ የተቀጠርኩበት የሕንፃ መሣሪያ መደብርም ተዘጋ። ባለቤቱ ቁልፉን ሲያዞር እንባው መጣ፤ እኔ አፍሬ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዞርኩ። ዘይት በሻይ ብርጭቆ የሚገዛ ሰው አይቻለሁ። ባለፈው መስቀል የሰፈሩ ቅርጫ በሬ መጣል አቅቶት፣ ሁሉም በየቤቱ ጎመኑን ያለ ቅቤ በላ። አንተ ሥጋውን ስትመድብ ጉበቱን ለእኔ የምትሰርቅበት ጊዜ ትዝ አለኝ።

በዚህ መሀል መኪናህን ልንሸጠው ነበር። ይቅር በለን። ዱራሜ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ሊወስደው ተስማማ። በማግስቱ ስለሚመጣ ዘይት ላጠጣው ብዬ በረንዳ ላይ አወጣሁት። አንዲት እናት ስታልፍ አየችውና ሥራ የጀመርን መሰላት፤ ከቦርሳዋ የዩኒፎርም ቀሚስ አወጣች። ቀሚሱ የታላቋ ልጇ ነበር። ለታናሿ እንዳይሰጣት፣ ታናሿ በቁመት ታላቋን አስከንድታለች። አዲስ ማሰፋት እንደማይሞከር ነገረችኝና ይረዝም እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ስፌቱ ያንተ ነበር። በምላጭ ፈታሁት። ውስጡ አራት ጣት ሙሉ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ውጪው በፀሐይና በሳሙና ነጥቷል፤ የታጠፈው ግን አንተ በቆረጥክበት ቀን እንደነበረው ሰማያዊ ነው። አለቀስኩ። ሴትየዋ ግራ ገባት።

ልኬት ስትወስድ ቁጥሩን በቋንቋችን በሀዲይሳ ታንሾካሹክ ነበር። ከጨረስክ በኋላ ሜትሩን ትተህ አራት ጣትህን ከታች ለቅምቅማቱ ትደርባለህ። ተማሪ ሳለሁ የእኔ ቀሚስ ጫፉ ከብዶ እንደ መጋረጃ ስለሚንጠለጠል ይሳቅብኝ ነበር። አንድ ቀን አኩርፌ ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች እንዲህ ጨርቅ እንደማያባክኑ ስነግርህ፣ ከመኪናው ቀና ሳትል፣ “መጪው ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ አናውቅም፤ ለእሱም ትንሽ ይቀመጥለት” አልከኝ። በሌላ ነገር ምክር የማትወድ ሰው፣ ስለ ቅምቅማት ሲሆን ሰባኪ ነበርክ።

ወሬው ተሰማ። እናቶች አንተ የሰፋኸውን ሁሉ ይዘው መጡ። በፈታሁ ቁጥር አራት ጣትህን አገኛለሁ። ሰውየው ከዱራሜ ሲመጣም ጥቂት ቀን እንዲታገሰኝ ለምኜ መለስኩት።

በአራተኛው ቀን አንዲት ልጅ ብቻዋን መጣች። ቀሚሷ አጥሮ ከጉልበቷ በላይ ስለወጣ አፍራ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ገና ሳየው የማን እጅ እንደሆነ አወቅኩ። የእኔ ነው።

አባዬ፣ ይህን ሳልነግርህ ነው የሄድከው። በመጨረሻው ዓመትህ አንተ አልጋ ላይ ሆነህ እኔ በቦታህ ስሰፋ፣ ለቅምቅማቱ አራት ጣት ማስቀረቴን ስትጠይቀኝ አዎ እልህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። አንድ ጣት ብቻ እያጠፍኩ በተረፈው ሌላ ቀሚስ አወጣ ነበር። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ያቺ ልጅ ፊት ስፌቴን ስፈታው ውስጡ የሚዘረጋ ነገር አልነበረም። ልጅቷ እጄን እጄን ታያለች።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ውሸቴን ለእሷ ነገርኳት። ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ ያን ሰማያዊ የሥራ ጋዋንህን ይዛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም፤ አቧራውን እንኳ ራሷ ነበረች የምታራግፈው። ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና፣ “ቁረጪው፤ እሱም ቢኖር ይቆርጠው ነበር” አለችኝ።

ቆረጥኩት።

መኪናው አልተሸጠም። የዱራሜው ሰውዬ ሁለተኛ ሲመጣ የትራንስፖርት ወጪውን እያማረረ ተመለሰ፤ አልፈርድበትም። ኑሯችን ተቃና ብዬ አልዋሽህም፤ አንዳንዱ የሚከፍለኝ በቆጮ ነው፣ አንዳንዱም በምርቃት። ግን ጠዋት እኔና እማዬ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ልጆቹ ሲያልፉ የቀሚሳቸውን ጫፍ እናያለን። ያቺም ልጅ ታልፋለች። ጋዋንህ ከቀሚሷ ትንሽ ስለሚደምቅ ከሩቅ እንለይሃለን።

እንደማልረሳህ በአፌ ብቻ ብነግርህ አታምነኝም፤ ዋሽቼህ አውቃለሁና። ስለዚህ ይህን ስማ፦ ከጋዋንህ የቀጠልኩላት ጨርቅ የሚታየው ብቻ አይደለም። አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፌዋለሁ። መጪው ዓመት ሲመጣ እፈታላታለሁ።

ልጅህ አስቴር