ሦስተኛው ሚስማር

ጥቅምት 4

ዛሬም ደንበኛ የለም። ሰሌዳውን ወለወልኩ። ሃያ ሦስት ካቻቪቴ፣ ሁሉም በየሚስማሩ። ሦስተኛው ሚስማር ላይ ያለውን እንደ ልማዴ ዘለልኩት። የወንድሜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አልነካውም፤ አባባ ከልክሏል። አቧራው እንኳ እስካሁን ጡረታ መውጣት ነበረበት።

አባባ ዓይኑን ካጣ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሱቁን በጆሮው ያስተዳድራል። የቆየ የጠመንጃ ጥገና ይዤ ገና አንዱን ብሎን ስነካ፣ "ካቻቪቴሽ ሰፊ ነው፣ ቀይሪው" አለኝ።

"በምን አወቅክ?"

"ብሎኑ ነገረኝ።"

እዚህ ቤት ብሎን ሁሉ ወሬ አቀባይ ነው።

ጥቅምት 7

አንድ የቢሮ ሰው የአደን ጠመንጃውን አመጣ። ቤቱ ሊፈታው ሲታገል ከርሟል። የብሎኖቹ ራስ አይጥ ያደረችበት ዳቦ መስሏል።

"በምን ነካኸው?"

"በካቻቪቴ ነዋ!"

"ከየት የመጣ ካቻቪቴ?"

"...ከልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ።"

ስብከቴን ጀመርኩ። የቤት ካቻቪቴ ጫፉ ሽብልቅ ነው፣ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል። የብሎኑን ስንጥቅ አፉ ላይ ብቻ ይነክሰዋል፤ ስትጠመዝዘው ሽቅብ ወጥቶ ያመልጣል። የእኛ ግን ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ይሞረዳል፣ ለእያንዳንዱ ብሎን በልኩ። ስንጥቁን ከዳር እዳር፣ እስከ ታች ይሞላዋል። ልክ ከሆነ እጅህን ብትለቀው ብቻውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ካልቆመ አትንካ!

ሰውየው እንደተፈረደበት ሰው አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ጻድቅ መስዬ ቆሜያለሁ። እኔ...

ጥቅምት 9

ጡረተኛው ዳኛ መጡ። በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

"ለልጅ ልጄ ላወርሰው ነው። ፈታተሽ አጽጂልኝ።"

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ መጀመሪያ ያየሁት ሚዳቋዋን ነው። የጠመንጃው ምላጭ ሽፋን ላይ የተቀረጸችውን። አንገቷ ላይ ጭረት።

"ይቺን ጠባሳ ታስታውሻለሽ? የዚያ የወንድምሽ ሥራ ናት" አሉና ሳቁ።

አባባ አልተነቃነቀም። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ። ምን ዓይነት ሰው ይስቃል?

ጥቅምት 10

አልነካሁትም። ሚዳቋዋን ብርድ ልብሱን መልሼ አለበስኳት። በርዷት ይሆናል ብዬ...

ጥቅምት 12

እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ዘይት ሊገዛ ወጣ። ይሄው የዳኛው ጠመንጃ ሞርሳ ላይ ታስሯል። ለሴት ልጅ አይሆንም የተባለውን ሥራ በአንድ ደቂቃ ጨርሼ ላስደንቃቸው... የቤቱን ካቻቪቴ ከመሳቢያ አወጣሁ። ገፋሁ። አመለጠኝ። የብሎኑን ከንፈር ገምሶ፣ የሚዳቋዋን አንገት ጭሮ ቆመ። ካቻቪቴውን መሳቢያው ውስጥ መልሼ መጥረጊያ ያዝኩ። መጥረጊያ የያዘ ሰው ማን ይጠረጥራል?

አባባ ገባ። ወንድሜም ዘይቱን ይዞ ተከትሎት ገባ።

"ማነው?" አለ አባባ።

ወንድሜ ጠመንጃውን አየ። እኔን አየ። መጥረጊያውን አየ።

"እኔ ነኝ።"

"እጅህ ለዚህ ቤት አልተፈጠረም። ውጣ!"

ወጣ። በሦስተኛው ዓመት፣ ከሩቅ ከተማ፣ ንዳድ ገደለው ተባለ። እኔ መጥረጊያውን እስካሁን አላስቀመጥኩም።

ጥቅምት 13

ጀመርኩ። ሌሎቹ ብሎኖች በሰላም ወጡ፣ ያቺ የገመስኳት ብቻ ቀረች። ከንፈሯ ተበልቷል፣ ውስጧ ግን ደህና ነው። ሃያ ሁለቱንም ካቻቪቴ ሞከርኩባት። ይሄ ይወፍራል፣ ያ ይሳሳል። ብቻውን የቆመ አንድም የለም።

ወንድሜ ብሎን ከመፍታቱ በፊት "በይቅርታ እመቤቴ" ይል ነበር፣ ባርኔጣ እንደሚያነሳ ሰው። ዛሬ ከሞርሳው በኩል ሰማሁት። በጠራራ ፀሐይ! ዞር አልኩ... ማንም የለም። አባባም ፊቱን ወደዚያው አዙሯል።

"ሰማህ?"

"ምኑን?"

"ምንም።"

ሁለት ውሸታም በአንድ ክፍል።

ጥቅምት 14

አዲስ መሞረድ እችል ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እጄ ግን ወደ ሦስተኛው ሚስማር ሄደ። አቧራውን እፍ አልኩት። ጫፉ ላይ ሞረዱ ያለፈበት መስመር ትናንት የተሠራ ይመስላል፤ አንድም ብሎን ፈቶበት አያውቅም። ስንጥቁ ውስጥ ከተትኩት። ለቀቅኩት።

ቆመ። እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ።

ለሷ ነበር የሞረደው። ለዚህች ብሎን በልኳ ሞርዶ፣ ጨርሶ፣ ከዚያ ነው ዘይት ሊገዛ የወጣው። እንዲህ ያዘጋጀ ሰው እንዴት ያመልጠዋል?

"የሱን አነሳሽው" አለ አባባ።

"አባባ... ያን ቀን እኔ ነበርኩ። እኔ ነኝ የጫርኩት።"

ፊቱን ወደ ሞርሳው አዞረ። ከዚያ፣

"ቆመ?"

"ምኑ?"

"ካቻቪቴው። ብቻውን ቆመ?"

"ቆመ።"

"ያኔም ቆሟል። በማግስቱ ለክቼዋለሁ።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

"እኔ መሆኔንስ?"

"የመሳቢያው ካቻቪቴ ጫፉ ተሸርፎ ነበር። ያኔ እኮ ዓይን ነበረኝ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን አልጠራኸውም?"

"ምን ብዬ?" አለ። "ነገ እጠራዋለሁ እል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ... ነገ።"

ብሎኗ በሱ ካቻቪቴ ወጣች። ድምፅ እንኳ አላሰማች።

ጥቅምት 19

ዳኛው ዛሬ መጡ። "ጠባሳዋን አላጠፋሽልኝም?"

"አላጠፋኋትም። ደግሞ የወንድሜ አይደለችም፣ የኔ ናት። እርስዎ ይግባኝ ይቀበላሉ?"

አልሳቁም። አባባን አዩት። አባባ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ጠመንጃውን አቀበልኩት። አውራ ጣቱ ሚዳቋዋን አገኛት፣ አንገቷን አገኘ፣ ከዚያ የብሎኗ የተበላ ከንፈር ላይ ቆመ።

"በይቅርታ እመቤቴ" አለ። ለማንም "ይቅርታ" ብሎ የማያውቅ ሰው!

ወደ ሞርሳው ዞርኩ። ጠበቅኩ። ከዚያ በኩል የመለሰ የለም።

ዳኛው ከሄዱ በኋላ የወንድሜን ካቻቪቴ ዘይት ቀብቼ ወደ ሦስተኛው ሚስማር ስጠጋ አባባ ሰማኝ።

"ተይ፣ አትስቀዪው" አለ። "ሥራ ላይ ይዋል።"