ወለሉን ያበላሸው የሀዋኦ እጅ አይደለም

ለክቡር አቶ ታዲቻ
ከገበያው ጀርባ ላለው የሠርግና የስብሰባ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ
ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ባለፈው እሑድ ከወለላችን ሲላቀቅ የጮኸው ጫማዎ ደህና ነው? እኔ ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩም።

ይህን የምጽፍልዎ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ወለል በማንጸባረቅ አቻ የማይገኝልኝ ዋርዮ ነኝ። ናይሮቢን በርግጥ አላየሁም፤ ስለዚህ እዚሁ ቅርባችን እስካለችው ሶሎሎ ይበሉት። በሶሎሎም ያየሁት አንድ ወለል ብቻ ነው፤ እሱም እንደ እኔው ያበራል። ብቻ በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስለጨረስኩ ከእንግዲህ ቅሬታዬን በሰው አፍ አልልክም። እጄ ገና ስለሚጎተት ይህችን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቅዳሜ ዕለት፣ ለእሑዱ ሠርግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሀዋኦ የአዳራሹን ወለል ሰም እንድንቀባ አዘዙን። እሑድ ወለሉ ነጣ፣ ተጣበቀ፣ ተላጠ። ሰኞ ሀዋኦን «እጅሽ ወለል ያበላሻል» ብለው አሰናበቷት። ሰባት ዓመት ያንን ወለል በጉልበቷ ተንበርክካ ያሸች ሴት ናት። ከተማችን ትንሽ ናትና ቃልዎ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ፤ ማክሰኞ ሌላ ቦታ ሥራ ስትጠይቅ «ወለል አጥፊዋ አንቺ ነሽ?» ብለው ከደጅ መለሷት። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥርም ተምሬያለሁ።

አንደኛ፣ አሮጌውን ሰም ስንፍቅ እንዳንደክም ስለራሩልን እናመሰግናለን። የሦስት ዓመቱ ሰም ከነእድፉ እንደተቀመጠ አዲሱን ከላዩ ተቀበለ። ይህ ማለት ፊቱን ሳይታጠብ ቅባት እንደተቀባ ሙሽራ ነው፤ ከሩቅ ያምራል፣ ቀርበው ግን አይዩት።

ሁለተኛ፣ በመግቢያው በኩል ያለችውን ጥቂት ቦታ ብቻ አሮጌ ሰም በሚያነሣው የመፋቂያ ሳሙና ስናጥብ፣ ለማለቅለቂያ ሁለት ባልዲ ውሃ ስለፈቀዱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ውሃ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የምታመጣውን አህያም በመልክ አውቃታለሁ። ሳሙናው ግን አያውቃትም። ከሥር ቀርቶ ሰሙን እንደ ዱቄት አነጣው። የሙሽሪት ቀሚስ ጫፍ ዱቄቱን ጠርጎ ሲወጣ እናቷ «ኧረ እዚህ ሊጥ ተቦክቷል እንዴ?» ሲሉ እርስዎ አጠገባቸው ቆመው ነበር።

ሦስተኛ፣ የሰሙ ጀሪካን ላይ፣ እኔ እንኳ በጣቴ እየተከተልኩ ባነበብኩት ትልቅ ፊደል «በስሱ ይቀባ፤ ሲደርቅ ይደገም» ይላል። ከእኔ ሠላሳ ዓመት ቀድመው የተማሩት እርስዎ ግን «አራት ጊዜ ምን ያመላልሳችኋል? አንዴ አፍስሱትና ጨርሱ፣ ሀራካ!» አሉን። እርስዎ በስዋሂሊ «ፍጠኑ» ሲሉ ሠራተኛው ሁሉ ይሮጣል፤ ሰም ግን አይሮጥም። ወፍራም ሰም እንደ ገንፎ ነው፤ ላዩ ቆዳ ይይዛል፣ ሆዱ እርጥብ ይቀራል።

አራተኛ፣ ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ሁለት ቬንትሌተር ወደ ወለሉ አስደፍተው፣ በሩንም በርግደው ስለከፈቱልን እናመሰግናለን። ከበሩ ፊት የቆሙት የጭነት መኪኖች ሲነሱ አቧራቸውን ሳይሰስቱ ሰጡን። አሁን ወለላችንን በእጅዎ ቢዳብሱት እንደ አቧራማ መንገድ ስለሚሻክር ጉዞ ላይ ያሉ ይመስልዎታል።

አምስተኛ፣ ያው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ወንበር ይደርደር አሉ። እዚህ ላይ እኔ ዋርዮ፣ ደረቴን ነፍቼ በፊትዎ በመቆም «አልደረቀም፤ በእጅዎ ጀርባ ይንኩት» ብዬ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄዎታለሁ። ወንበሩ ተደረደረ። በማግሥቱ የሙሽራው አጎት ወንበራቸውን ሊስቡ ቢሞክሩ ወንበሩ እምቢ አለ፤ ሲታገሉትም የወለሉን ቆዳ ገፎ ተነሣ። ሽማግሌው «እኔ ሠርግ ነው የተጠራሁት ወይስ ፍየል ልገፍፍ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሀዋኦ ብቻ አልሳቀችም፤ ሰኞን አስቀድማ አይታዋለች።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሀዋኦን ይመልሷት፤ ወለሉም ይድናል። ሦስት ቀን ይስጡን። አሮጌው ሰም ከሥሩ ይፋቅ፣ ውሃው አይቆጠርብን፣ መወልወያው አዲስ ይሁን፣ በሩ ይዘጋ፣ ሰሙ በስሱ አራት ጊዜ ይቀባ። በእነዚያ ሦስት ቀናት እርስዎ ቤትዎ ይረፉ። ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት ይህ የመጨረሻው ነው።

እርጥብ ወለል ላይ ቆመው እንኳ ሳይወላውሉ ማዘዝ ለሚችሉት ለእርስዎ ካለኝ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሳሳ ከሄደ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣

ዋርዮ
የወለል ባለሙያ፣ በቅርቡም ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለአዳራሹ በር፣ በውጭ በኩል
ለሙሽራው አጎት

ተጨማሪ፦ ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤውን ቀድደው ቢጥሉት ሌላ እጽፋለሁ፤ እጄ እየፈጠነ ነው። በአምስተኛው ቁጥር ግን አንድ ነገር ከራሴ ፈጥሬ አስገብቻለሁ፤ እርስዎም ታዝበውታል። «አልደረቀም» ያልኩት እኔ አልነበርኩም። ሀዋኦ ናት፤ ሦስቴም አይደለም፣ አንዴ፣ ቀስ ብላ። እርስዎ ወደ እኔ ዞረው «ዋርዮ፣ እውነቷን ነው?» ሲሉኝ፣ «ኧረ ደርቋል ጌታዬ» ብዬ የመጀመሪያውን ወንበር የተሸከምኩት እኔ ነኝ።