የኦይቫ መንገድ

ጃንዋሪ 12
ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ዲግሪ። ቢሆንም ዋኘሁ። ኦይቫ ሌሊት የረጋውን በረዶ ከሐይቁ መዋኛ ጉድጓድ ላይ ሰባብሮ ጠበቀኝ። "ግቢ እንጂ! እስኪሞቅ ነው የምትጠብቂው?" ይለኛል... ባል ተብሎ! ጎረቤታችን ራይሊ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ወጥታ፣ እንፋሎቱ ከትከሻዋ እየተነሣ፣ "ኦይቫ፣ በረዶው ይሸከማል?" ብላ ጮኸች። "ይሸከማል!" በቃ፣ ይኸው ነው። ኦይቫ በሐይቁ ላይ እስከ ደሴቷ ድረስ የጥድ ቅርንጫፍ ተክሎ በጽኑው በረዶ በኩል መንገድ አበጅቷል። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው። የከተማው ሰው በበረዶ መንሸራተቻው፣ በስኪ፣ ሲያልፍ በረዶውን አያይም፤ የሚያየው የኦይቫን ቅርንጫፍ ነው።

ፌብሩዋሪ 3
ኦይቫ በረዶውን በስቶ ውፍረቱን የሚለካበትን መሰርሰሪያ ሲፈልግ ቆየ። ትከሻው ላይ ነበር። ሳቅን። ባለፈው ሳምንትም ቁልፉን እንዲሁ... እርጅና ነው። እርጅና ነው?

ማርች 7
ትናንት በረዶ ስለጣለ ኦይቫ መንገዱን ዛሬ እንደ አዲስ ተክሎታል። እግሬን ላፍታታ ብዬ ሄድኩበት። ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ላይ ነው የሚያልፈው! እዚያ ውሃው ከሥር ስለሚበላው በረዶው ሁልጊዜ ስስ ነው። ልጆቻችንን "እዚያ የረገጠ እራት የለውም" እያለ ያሳደጋቸው እሱ ራሱ ነው። ነገ ደግሞ የተማሪዎች የስኪ ቀን።

ቤት ገብቼ "መንገዱን ቀየርከው እንዴ?" አልኩት።

"የቱን መንገድ?" አለ፣ ዓሣውን እየከተፈ። "በየዓመቱ የምተክልበት ነው።"

ቅንጣት አልተጠራጠረም። ፈራሁ። ልንገረው? ምን ብዬ?

ማርች 8
ሳይነቃ ወጣሁ። ቅርንጫፎቹን እየነቀልኩ በድሮው መስመር መትከል ጀመርኩ። ራይሊ ለዋና መጥታ አየችኝ።

"ሌምፒ... ኦይቫ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

ከዚያ አንድ እቅፍ ቅርንጫፍ አንሥታ ተከተለችኝ። ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ በመንገዱ ሄዱ። ሁሉም እስኪመለሱ ዳር ቆሜ ጠበቅሁ።

ማርች 9
አወቀ። ቅርንጫፎቹ የነበሩበትን ቀዳዳ አይቷል። ቦታውን ሲያይ ገባው። ጓንቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ተቀመጠ። "ልጆቹ በዚያ ቢ..." አለና አልጨረሰም። ከዚያ፣ "ራይሊ አውቃ እኔ አላውቅም" አለኝ። ባሌን ተደብቄ አረምኩት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጁላይ 2
ውሃው ሞቋል። የሐይቁ ዳር በሰው ተሞልቷል። ኦይቫ አልሄድም አለ። "ለዋናም?" "ለምንም።" ብቻዬን ዋኘሁ፣ አልጣመኝም።

ኦክቶበር 20
ኦይቫ መሰርሰሪያውን ስሎ ከቦት ጫማዬ አጠገብ አቆመው።

ዲሴምበር 15
ሐይቁ በረዶ ሆነ። አብሮኝ መጣ! እሱ ለዋና ከመጣው ሰው ጋር ዳር ቀረ፣ እኔ መሰርሰሪያውን ይዤ ገባሁ፤ ትንሽ እየሄድኩ መብሳት፣ ትንሽ እየሄድኩ መብሳት። ራይሊ ልማድ ሆኖባት "ኦይቫ፣ ይሸከማል?" አለችውና ወዲያው አፏን ያዘች።

ኦይቫ ኮፍያውን ከጆሮው ላይ ገፋ አደረገ። ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን፣ ሁሉም እየሰማ፣

"ሌምፒ! ይሸከማል?"

የበረዶውን ውፍረት በስንዝሬ ለካሁ። ደግሜ ለካሁ።

"ይሸከማል!"

ቅርንጫፎቹን ታቅፎ ወደ እኔ መጣ።